ጉም ውስጥ የቆመው ቡላ

ይህን ነገር ለሰው ባወራሁ ቁጥር አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያማትባል። እኔ ራሴ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ዛሬ መሀል ገብቶ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ከመጀመሪያው ጀምሬ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። ብርድ የምትፈሩ ከሆነ ጋቢያችሁን ደርቡ፤ የምወስዳችሁ ጉም ወዳለበት ነው።

አገሬ ጋይንት ነው። ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ስትሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ሰፊ መስክ አለ። መስክ ስላችሁ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አይምሰላችሁ። በአንድ በኩል ተራራውን ተደግፎ፣ በሌላ በኩል ወደ ገደሉ ያዘነበለ መሬት ነው። ቤታችን በመስኩ አንድ ጫፍ፣ ደብራችን በሌላው ጫፍ ነው። ሁለት የእግር መንገዶች መስኩን ያቋርጡታል። አንዱ በተራራው ሥር የሚያልፈው የቤተ ክርስቲያን መንገድ ነው። ሌላው በገደሉ አፋፍ ከብት ወደ ውኃ የሚነዳበት ነው።

በዚህ መስክ ላይ ከፀሐይ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ሊሠራ ነው ሲባል ያልሳቀ አልነበረም። እኛ ዘንድ ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ብቅ ስትል ጉሙ መልሶ ይሸፍናታል። «ንፋሳችንን ቢያመርቱት አይሻላቸውም?» ያሉ ሽማግሌዎችም ነበሩ። መሐንዲሶቹ ግን ጉሙ ሲገፈፍ የምትወጣው ፀሐይ እንዲህ ከፍ ባለ አገር ብርቱ ናት አሉና ሥራው ተጀመረ። እኔ ንፋስ መውጫ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ ቤት ተቀምጬ ነበርና በቀን ሠራተኝነት ገባሁ።

ሥራዬ ፓነል መሸከም ነበር። ፓነል ማለት የቤት በር የሚያህል መስታወት ነው። ከጓደኛዬ ከሙላት ጋር ግራና ቀኙን ይዘን ዳገቱን እንወጣለን። ንፋስ ሲመጣ ፓነሉ እኛን ተሸክሞ ሊሄድ ይቃጣዋል። አንድ ቀን ሙላት ከነፓነሉ ዞሮ ወደቀና መስታወቱ ክንዱን ተለተለው። ምሰሶ የሚተክሉት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከባድ መዶሻ እያነሱ የሚጥሉ ወንዶች ነበሩ። ማታ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንጀራ መቁረስ ያቅታቸዋል።

አባቴ መሪጌታ ፈንታ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። ድጓውን በቃላቸው ይዘው ስንቱን ያስተማሩ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። ቤት ስገባ ፊቴን ስለማያዩ ትንፋሼን ያዳምጣሉ።

«የሻረግ፣ ትንፋሽሽ የአሮጊት ሆኗል» አሉኝ አንድ ምሽት። «ይህን ሥራ ተይው።»

ልተወው ስል ሮቦቶች መጡ።

በትልቅ መኪና ተጭነው ሁለት መጡ። አንደኛው ምሰሶ የሚተክል፣ በብረት ሰንሰለት የሚሄድ ሳጥን የመሰለ ነገር ነው። ሁለተኛው ረጅም ክንድ ያለው፣ ፓነል አንሥቶ ቦታው ላይ የሚያስቀምጥ። በእኛ አገር በሬ በመልኩ ይጠራልና ምሰሶ ተካዩን አቧራማ ቢጫነቱን አይተን ቡላ አልነው። ሙላት የመጀመሪያውን ቀን ቡላን ዞሮ ዞሮ አየውና «በሉ እንግዲህ፣ ደህና ሰንብቱ» አለ። ሁላችንም የፈራነው ያንኑ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከተሸካሚዎቹ ጥቂቶቹ ሥራውን ለቀው ሄደዋል። ብዙዎቻችን ግን ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርን። ሙላት ብሎን ማጥበቅና ሽቦ መዘርጋት ተማረ። እኔን ደግሞ የጣቢያው መሐንዲስ ዮናስ ኤሌክትሪክ መማሬን ሰምቶ የቡላ ተቆጣጣሪ አደረገኝ። ታብሌት ይዤ መከተል፣ መስመሩን ማስያዝ፣ ሲያስፈልግ ማስቆም ነው ሥራዬ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቡላ ወዳጅ ሆንኩ ብል አላጋነንኩም። መሬቱን በዶዘር መደልደል ቀረ፤ ቡላ ዘንበል ባለው ላይ ራሱን አቃንቶ ቆሞ ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ ይተክላል። ሣሩ እንኳ በምሰሶዎቹ መሀል እንደነበረ ቀረ። ባለ ክንዱ ንፋስ ውስጥ ፓነሉን ንቅንቅ ሳያደርግ ይይዘዋል። ጉም ሲወርድ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ቡላ ያለበትን ቦታ ከሰማይ በሳተላይት ስለሚያውቅ ሥራውን አያቆምም።

«ትንፋሽሽ ተመለሰ» አሉኝ አባቴ። «ማሽን መጣልን አባዬ» አልኳቸው። እሳቸው «እሰየው» አሉ። ለአባቴ ግን ማሽን ማለት ወፍጮ ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ ይጮሃል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። እኔም ይሄዳል ብዬ አላስረዳኋቸውም፤ ይሄዳል ወይ ብለው አልጠየቁኝማ።

አዲስ ክፍል ከመጀመራችን በፊት ዮናስ ካርታውን በታብሌቱ ከፍቶ ጠራኝ። ልጁ የከተማ ነው፤ ትሑትና ጠንቃቃ።

«ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ሳይነካ ይቀራል» አለኝ። «ቄሶቹ የሚሄዱበት የትኛው ነው?»

«ላይኛው» አልኩት።

«ላይኛው?»

«አዎ፣ በላይ በኩል ያለው። አባቴም በእሱ ነው የሚመላለሱት።»

በጣቱ አንዱን መንገድ ነካ፤ መስመሩ አረንጓዴ ሆነ። «ይኸው፣ ቡላ አይደርስበትም» አለ። አመስግኜው ሄድኩ።

ያን ዕለት ጠዋት ጉሙ ተራራውን ዋጥ አድርጎ መጥቶ መስኩ ላይ ተኛ። ጉማችንን ለማታውቁት እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ? እጃችሁን ብትዘረጉ ጣታችሁ ሌላ ሰው ጋ የሄደ ይመስላችኋል። የተተከሉት ምሰሶዎች አንድ አንድ እያሉ ይታዩና ይጠፋሉ። ድምፅም ይቀየራል፤ ቅርቡ ይርቃል፣ ሩቁ ጆሮ ሥር ይመጣል። እኔ እንዲህ ያለውን ጠዋት እወደዋለሁ። የነቃሁ ሳይመስለኝ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ የምሄድ ይመስለኛል።

ዮናስ ዕቃ ሊያመጣ ንፋስ መውጫ ሄዷል። ቡላን በአዲሱ ክፍል መስመር አስያዝኩትና ከሙላት ጋር ከቆርቆሮው ቤት ደጃፍ ቆምን። ቡላ በዝግታ ጉሙ ውስጥ ገባና ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ መዶሻው ተሰማ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ ዝም ይላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ እንደገና ዱም ይላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል። ከደብሩ በኩል ኪዳን አድርሰው የወጡ ሰዎች ድምፅ ሰማሁ መሰለኝ። አባቴ አሁን መቋሚያቸውን ይዘው መንገድ ጀምረዋል ብዬ አሰብኩ። እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው አይፈልጉም። «ይህን መንገድ እግሬ ያየዋል» ነው የሚሉት።

«የሻረግ» አለኝ ሙላት። «ቡላ ዛሬ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ታች ነዋ። ወደ ገደሉ በኩል።»

«ድምፁ ግን ከተራራው ነው የሚመጣ።»

ጉሙ ነው የሚያሳስትህ ልለው አፌን ከፈትኩና ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ዱም። ከተራራው ሥር ነው። ዱም። ከአባቴ መንገድ ላይ ነው።

ታብሌቱን ከፈትኩ። አረንጓዴው መስመር በካርታው አናት ላይ ተጋድሟል። የካርታው አናት ሰሜን ነው፤ በእኛ መስክ ሰሜኑ ገደሉ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ለእኛ ላይ ማለት ወደ ተራራው ነው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት እያልን ያደግን ሰዎች ላይን ሌላ ቦታ አናውቀውም። ለዮናስ ግን ላይ ማለት የካርታው ራስ ነው። የከብቱን መንገድ ጠብቆ፣ የአባቴን መንገድ ለቡላ ሰጥቶታል። ሁለታችንም በአንድ ቃል ተግባብተን ተለያይተናል።

የማቆሚያውን ምልክት ተጫንኩ። «ግንኙነት የለም» አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ፤ የለም። ታብሌቱን ለሙላት ወረወርኩለትና ሮጥኩ።

«አባዬ!»

ጉሙ ድምፄን በላው። እየሮጥኩ ምሰሶ ትከሻዬን መታኝ፤ ወደቅኩ፤ ተነሣሁ። መዶሻው ይመታል። አባቴ መዶሻውን ሲሰሙ ሰው የሚሠራ መስሏቸው አይፈሩም፣ ሰላምታ ሊሰጡ ይጠጋሉ እንጂ።  ቢሸሹም ደግሞ ምሰሶ በምሰሶ እየተጋጩ መንገዱ ይጠፋባቸዋል፤ ከጠፋባቸው ቁልቁለቱ የሚወስዳቸው ወደ ገደሉ ነው። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያን ጠዋት እመቤቴን ጠርቼ አላውቅም።

ዱም፣ ዱም።

ከዚያ መዶሻው ተቋረጠ።

ምሰሶ ተክሎ ሲጨርስ የሚያቋርጠው አልነበረም። ያን ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ መትቶ ይጨርሳል። ይህ ግን መሀል ላይ ነው የቀረው። ባለሁበት ቆምኩ። ቆሞ ነው ወይስ አንድ ነገር ይዞት ነው? የመስኩ ፀጥታ ጆሮዬን አደነቆረው። አንድ እርምጃ ለመራመድ ፈራሁ፤ ብራመድ የማየውን ስለፈራሁ። ጉሙ ብቻ እንደ ዝግተኛ ወንዝ በፊቴ ያልፋል።

ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ይለፉ እንጂ።»

የአባቴ ድምፅ ነው። የተረጋጋ፣ ደጀ ሰላም ቆመው ሰው የሚያሳልፉበት ድምፅ።

«ጢጥ» አለ ቡላ።

«የለም፣ የለም፤ እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት። እኔ ኪዳን አድርሼ ወደ ቤቴ ነው የምሄድ። ምን ያጣድፈኛል? ይለፉ።»

«ጢጥ።»

«ኧረ በማርያም! ለእኔ ብለው መዶሻዎን አስቀምጠው፣ መንገድ ለቀው ቆመው፣ እኔ እንዴት ልለፍ? ማን ልበል? የማን ልጅ ነዎት?»

«ጢጥ።»

«እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አፉን ምን ያዘው?» አሉ አባቴ ለራሳቸው።

እያለቀስኩም እየሳቅኩም ደረስኩ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ መቋሚያቸውን ወደፊት ዘርግተው ቆመዋል። ከመቋሚያቸው ጫፍ ብዙም በማይርቅ ቦታ ቡላ መዶሻውን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ቀይ መብራቱን አብርቶ ድርቅ ብሏል። ትንሽ ቢጨምር ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ዛሬም ሳስበው ጀርባዬን ይበርደኛል።

«አባዬ!»

«የሻረግ? እሰይ፣ ነይ እስቲ። እኒህን ሰውዬ አንድ በይልኝ። እለፉ ብል አያልፉ፣ ብጠይቅ አይመልሱ።»

«አባዬ፣ ሰው አይደለም።»

ይህን ስል ስሕተቴ ገባኝ። በእኛ አገር ጉም ውስጥ የቆመን ነገር ሰው አይደለም ካሉት ሌላ ነገር ነው። አባቴ መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉና አማተቡ።

«ማሽን ነው አባዬ! ማሽኑ ነው! የእኔ ማሽን!»

«ማሽን ይሄዳል እንዴ?»

«ይሄዳል።»

«አስነኪኝ» አሉኝ። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ በእጄ አጠፋሁትና እጃቸውን ወስጄ ቡላ ላይ አኖርኩት። ቀዝቃዛውን ብረት፣ የሰንሰለቱን ጥርስ፣ የሞተሩን ሙቀት ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ አዲስ የተገዛ በሬ የሚያዩ ገበሬ ይመስሉ ነበር።

«ይሞቃል» አሉ። «እኔን ግን በምን አየኝ?»

«እንደ ዓይን ያለ ነገር አለው። ጉም አይከለክለውም።»

«ከእኔ ተሻለ በይኝ» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ቶሎ ሄደ። «የሻረግ፣ ማየትስ ብዙው ሰው ያያል። በዚሁ መንገድ እያዩኝ ገፍተውኝ ያለፉ አሉ። ይህ መቆምን ከማን ተማረ?»

«ከሰው ነው አባዬ። የሠሩት ሰዎች በፊትህ ሰው ካለ ቁም ብለው ጽፈውበታል።»

«ይህን የጻፈው ማን ይባላል?»

«አላውቅም።»

«ጠይቂልኝ» አሉ። «የክርስትና ስሙን ጠይቂልኝ።»

ይህን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ አባቴ ለሰው ሲጸልዩ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠሩት። ስም ከሌለ ጸሎቱ አድራሻ እንደሌለው ይሰማቸዋል። ስለዚህ የጠየቁኝ ነገር ለእሳቸው ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ሙላት ታብሌቱን አቅፎ ሲደርስ ሁለታችንንም መሬት ላይ ተቀምጠን አገኘን። አባቴን አይቶ ቡላን አየ፤ ከዚያ ሄዶ የቡላን ጎን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። 

ዮናስ ተመልሶ የሆነውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። አባቴ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል አባቴ ክንዱን ይዘው አነሡት። «አንተ ላይን አልሳትክም፤ የእኛን ላይ ስላልነገርንህ ነው» አሉት። ከዚያን ቀን በኋላ በጣቢያችን ካርታ ላይ ላይና ታች የሚባል የለም። ወደ ተራራው፣ ወደ ገደሉ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ታብሌቱ ጉም ውስጥ ግንኙነቱ ከተቋረጠም ቡላ ወዲያው እንዲቆም ተደረገ። በአባቴ መንገድ ላይ የተተከሉትን ምሰሶዎች ቡላ ራሱ ነቀላቸው፤ በሰው ጉልበት ቢሆን ቀናት ይፈጅ ነበር።

የአባቴን ጥያቄ ዮናስ ለማሽኑ ሠሪዎች ጽፎ ጠየቀ። መልሱ ሲመጣ አባቴን ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው።

«የጻፉት ብዙ ሰዎች ናቸው መሪጌታ» አላቸው። «በየአገሩ የተበተኑ ናቸው። ያችን የመቆም ትዕዛዝ ማን እንደጻፋት ለይተው አያውቁም። ደግሞም ምናልባት ክርስቲያን ላይሆን ይችላል።»



«ክርስቲያን ባይሆን እናቱ ስም አላወጣችለትም?» አሉ አባቴ።

 

አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያን ቀን በፊት ቡላን የምወደው ጀርባዬን ስላሳረፈልኝ ነበር። አሁንም ስለዚያ እወደዋለሁ፤ ሙላት ክንዱ ዳነ፣ የመዶሻ ሰዎች እንጀራቸውን ሳይንቀጠቀጡ ይቆርሳሉ፣ ጣቢያው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ሊያልቅ ነው። ግን በጉሙ ውስጥ ሌላ ነገር አየሁ። አንድ ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ምናልባት እያዛጋ፣ በፊቱ ሰው ሳይኖር፣ አንድ ቀን ከማሽኑ ፊት አንድ ሰው ይቆም ይሆናል ብሎ አስቦ አንዲት ትዕዛዝ ጻፈ። ከማሽኑ ፊት የቆሙት ያ አንድ ሰው የእኔ አባት ሆኑ። አሁን እኔ አዳዲስ ተቆጣጣሪዎችን አሠለጥናለሁ። መስመር ከማስያዛቸው በፊት በዚህ የሚያልፈው ማን ነው ብለው በእግራቸው ሄደው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

አባቴ አሁንም በተራራው ሥር ባለው መንገድ ይሄዳሉ። በጸሎታቸው ላይ የእናቴን ስም፣ የእኔን፣ የሙላትን፣ የዮናስንም ሳይቀር ይጠራሉ። ጠርተው ሲጨርሱ ትንሽ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ የረሱት ስም ያለ መስሎኝ ነበር፤ ስም ጠፍቶባቸው ሳይሆን የዚያን ጸሐፊ ስም እየጠበቁ መሆኑን ኋላ ነው የተረዳሁት። ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከመካከላችሁ ያችን ትዕዛዝ የጻፉት እርስዎ ከሆኑ፣ ወይም የጻፉትን ሰው የሚያውቁ ከሆነ፣ እባክዎ ስሙን ይላኩልን። አባቴ ቦታዎን ይዘውልዎታል።